ለቅሶ የተነፈገ ሐዘን
(ለመሳለሚያና ለአካባቢው ነዋሪዎች እንዲሁም ለዕድር አባላት የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር)



አገራችን ሞትን የምትናገርበት ሥርዓት አላት። ሰው ሲሞት ለቅርብ ዘመዱ በመንገድ ላይ አይነገረውም። ጎረቤት፣ ዘመድና የዕድር ሰው አስቀድሞ ይመካከራል። ከዚያ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ሰውነት ዐርፎ ካደረ በኋላ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተሰብስቦ ይሄዳል። ቃሉን የሚያወጣው አንድ ትልቅ ሰው ነው። ግራና ቀኝ የሚደግፉ፣ ውኃ የሚያቀርቡ፣ ሐዘንተኛዋ ራሷን እንዳትጎዳ እጇን የሚይዙ ሰዎች ቦታቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። መርዶ የምንለው ይህ ነው። እኔ የአእምሮ ቁስል የሚታከምበት ሙያ ውስጥ ያለሁ ሰው ነኝ፤ በየአገሩ የተጻፉ የሐዘን ሕክምና መመሪያዎችን ሳነብ እንደ መርዶ ለሰው ልብ የተጠነቀቀ የመጀመሪያ እርዳታ ብዙ አላገኘሁም።

ሰው ራሱን ባጠፋበት ቤት ግን መርዶ አይደርስም። ብዙ ጊዜ አስከሬኑን የሚያገኘው የቤቱ ሰው ነው፤ እናት ናት፣ ሚስት ናት፣ ከትምህርት ቤት የተመለሰ ልጅ ነው። የሚደግፍ የለም፤ ቃሉን ለክቶ የሚያወጣ ሽማግሌ የለም። ዐይን ቀድሞ ያያል፣ ጩኸት ይከተላል፣ ከዚያ ፖሊስ ይመጣል። አስከሬኑ ለምርመራ ይወሰዳል፤ ይህ ለአዲስ አበባ ሰው ለብዙ ዘመን ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በር ላይ ቆሞ መጠበቅ ማለት ነበር። ቤተሰቡ ይጠየቃል፤ ማን ነበር ቤት? ተጣልታችሁ ነበር? ፖሊስ ሥራውን ነው የሚሠራው፤ እናቲቱ ግን ገና ሳታለቅስ ቃሏን ትሰጣለች።

ድንኳኑ ከተተከለ በኋላ ሹክሹክታው ይጀምራል። «ምን አጥቶ ነው?» «ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ነው አሉ።» «ነፍስ ይማር» ለማለት የሚያመነታ አለ። «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ዐይኑን መሬት ላይ የሚተክል አለ። ቤተሰቡም «በድንገት ነው»፣ «አሞት ነበር» ማለት ይጀምራል። ይህች ትንሽ መደበቂያ ለብቻዋ ሸክም ናት። አንድ ነገር የሚደብቅ ሰው እንደ ልቡ ማልቀስ አይችልም፤ ሙሾ ሲወርድ እንኳ ከአፉ የሚወጣውን ሲጠብቅ ይውላል። ሠልስቱ ሲያልፍ ድንኳኑ ይነሣል፤ ለቅሶው ግን አልተለቀሰም።

ዛሬ የመጣሁት ስለ እነዚህ ሰዎች ልናገር ነው። ራሱን ያጠፋ ሰው ቤተሰብ ላይ ሁለት ነገር በአንድ ቀን ይወድቃል፤ አንዱ ሐዘን ነው፣ ሌላው የአእምሮ ስብራት ወይም ባለሙያዎች ትራውማ የሚሉት ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ አያያዛቸውም አንድ አይደለም። ሕክምናው ሁለቱን ለይቶ ካላየ፣ ከዚያም አልፎ የተነፈገውን ለቅሶ ካልመለሰ፣ ምንም ያህል የተመሰገነ ዘዴ ቢሆን ለዚህች እናት ልኳ አይሆንም።

ነገሩ የጥቂት ሰዎች ነገር እንዳይመስላችሁ ጥቂት ቁጥሮችን ልጥቀስ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2021 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ 727,000 ያህል ሰዎች በራሳቸው እጅ ሕይወታቸው አልፏል፤ 73 በመቶው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚደርስ ነው። ከ15 እስከ 29 ዓመት ላሉ ወጣቶች ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነው። በአገራችን ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ከ10,000 በላይ አዋቂዎችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ 3.2 በመቶው በሕይወት ዘመናቸው ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው እንደነበር ተናግረዋል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ጁሊ ሴሬል ከባልደረቦቿ ጋር ባደረገችው ስሌት፣ አንድ ሰው ራሱን ሲያጠፋ እሱን ያውቁ የነበሩ 135 ያህል ሰዎች ይነካሉ። አንድ ሙሉ ዕድር ማለት ነው። ሁሉም ሕክምና ያስፈልጋቸዋል ማለት አይደለም፤ የሚበዙት በዘመድና በጊዜ ይጽናናሉ። ከመካከላቸው ግን የሚሰበሩ አሉ። አሌክሳንድራ ፒትማን የምትባል የለንደን ሐኪም 3,432 ወጣት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችንና ሠራተኞችን አጥንታ እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተመችው ጽሑፍ አለ። የቅርብ ሰዋቸው ራሱን ያጠፋባቸው ሰዎች፣ የቅርብ ሰዋቸው በድንገተኛ ሕመም ከሞተባቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ እነሱም ራሳቸውን ለማጥፋት የመሞከራቸው ዕድል በ65 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የሥጋ ዘመድም ሆኑ ጓደኛ ልዩነት አልነበረውም። እንግዲህ ቀሪውን ቤተሰብ መደገፍ የሚቀጥለውን ሞት መከላከልም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ስብራት ሰውን ያሸሻል፤ ሐዘን ሰውን ያስጠጋል። ስብራት ያለባት ሴት ያንን ክፍል፣ ያንን ሰዓት፣ ያንን ድምፅ ትሸሻለች። በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች፤ ሌሊት ያየችው ነገር እንደ አዲስ ይመጣባታል። ላቧ ይመጣል፣ ልቧ ይመታል፤ ያለፈው ነገር ለሰውነቷ አላለፈም። ሐዘንተኛ ደግሞ በተቃራኒው ሟችን ትፈልገዋለች። ሸሚዙን ታሸታለች፣ ፎቶውን ትደባብሳለች፣ ስሙን የሚያነሣላትን ሰው ትወዳለች። ሐዘን ናፍቆት ነው። ልጇ ራሱን ያጠፋባት እናት ሁለቱም ነች። ናፍቆቱ ፎቶውን አንሺ ይላታል፤ ስታነሣው ፎቶው ውስጥ ያለው ልጅ ይጠፋና ያ የመጨረሻው ምስል ይመጣል። ስለዚህ ፎቶውን ትደብቃለች። ልብሱን ሰጥታ ትጨርሳለች፤ ስሙ በቤት እንዳይነሣ ትከለክላለች። ሰው «ጠነከረች» ይላል፤ ወይም «ረሳችው» ይላል። ሃያ ዓመት የኖረ ልጅ በአንድ ቅጽበት ምስል ተሸፍኖባት ነው። ጡት ሲጠባ፣ በአበባየሆሽ ሰሞን ሥዕል ይዞ ሲዞር፣ ማትሪክ ሲፈተን የነበረው ልጅ ከሞቱ ወዲህ ማዶ ቀርቷል፤ እሷ ወደዚያ መሻገር አቅቷታል።

በዚህ ላይ ጸጸት አለ። «ያን ለት ባልወጣ ኖሮ»፣ «ስልኩን ባነሣ ኖሮ»። ቁጣም አለ፤ ትቶኝ ሄደ፣ አዋረደኝ የሚል ቁጣ። እኛ ዘንድ ደግሞ ቁጣው መውጫ የለውም፤ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብለን እንዘጋዋለን። አንዳንዱ ላይ የማይነገር እፎይታ አለ፤ ሟች ለዓመታት ታሞ፣ ቤቱን በፍርሃት ይዞት ከነበረ ማለቴ ነው። እፎይ ያለ ሰው በእፎይታው ራሱን ይኮንናል። በእኔ አስተያየት ሐዘንተኞች ለማንም ሳይናገሩት የሚቀረው ይህ ነው፤ ሐኪሙ በገርነት ካልጠየቀ አይወጣም።

ከታሪካችን አንድ ሕፃን ላንሣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ። ስለ እሳቸው ተውኔት ተጽፏል፣ ልብ ወለድ ተጽፏል፣ ሥዕላቸው በየግድግዳው ተሰቅሏል። በዚያች ቀን ግን መቅደላ ላይ ሰባት ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላው ልጃቸው ዓለማየሁም ነበረ። የመድፍ ድምፅ ሰምቷል፤ የአባቱ ምሽግ ሲዘረፍና ሲቃጠል ያየ ልጅ ነው። አንድ ወር ያህል ቆይቶ በእንግሊዝ ጦር ወደ ባሕር ሲወሰዱ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ ሞቱ። አማርኛ የሚችለው እንግሊዛዊ መኮንን ካፒቴን ስፒዲ ሞግዚቱ ሆነ። ሕፃኑ ሌሊት ፍርሃት ስለሚይዘው ብቻውን መተኛት እንዳልቻለና ከስፒዲ ጋር ይተኛ እንደነበር ተጽፎ ይገኛል። ዛሬ አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይህን ቢያነብ ምን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አይወስድበትም። የለመደው አንድ ሰው ስፒዲ ነበር፤ ከእሱም ለይተው እንግሊዝ አገር ወደ ቼልተንሃም፣ ቀጥሎ ወደ ራግቢ ትምህርት ቤት፣ በኋላ ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ላኩት። እ.ኤ.አ. ኅዳር 14 ቀን 1879 ሊድስ ከተማ ውስጥ በ18 ዓመቱ በሳንባ ሕመም ሞተ፤ ዊንዘር ተቀበረ። ኢትዮጵያ አፅሙ እንዲመለስ እ.ኤ.አ. በ2007 ጠይቃለች፤ በ2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አይሆንም ብሎ መልሷል።

ዓለማየሁን ያነሣሁት ለሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እኛ ራሱን ስላጠፋ ሰው መናገር የማንችል ሕዝብ አይደለንም፤ ስለ አባትየው ስንናገር መቶ ሃምሳ ዓመት አልፎናል። ስለ ቀረው ልጅ ግን ጥቂት ነው ያልነው። ሁለተኛ፣ ያ ሕፃን የሚወደድና የሚለብስ፣ የሚማርና የሚበላ ልጅ ነበር፤ የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ራሷ ታስብለት ነበር። የጎደለው በገዛ ቋንቋው አባቱን የሚያለቅስለት፣ የሆነውን በልጅ አቅም የሚነግረው ዘመድ ነበር። ዛሬም በየቤታችን «አባትህ ውጭ አገር ሄዷል» የሚባሉ ልጆች አሉ። ልጁ እውነቱን ከትምህርት ቤት ጓደኛው በስድብ መልክ ይሰማዋል። ለልጅ አጭር እውነት ይሻለዋል፤ አባትህ በጣም ታሞ ነበር፣ ሕመሙ አእምሮው ላይ ነበር፣ ሞተ፣ አንተ ያደረግኸው ወይም የተናገርኸው ነገር አላመጣውም፣ እኛ ካንተ ጋር ነን። እንዴት እንደሆነ በዝርዝር መንገር አያስፈልግም። ልጁ ደጋግሞ ይጠይቃል፤ በጠየቀ ቁጥር መልሱ አንድ ይሁን።

ብዙ ጊዜ ደግሞ ይህ ሐዘን የሚደርሰው ቀድሞ የተሰበረ ሰው ላይ ነው። የ1969 እና የ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብርን ያየ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይኖራል። ሬሳ መንገድ ላይ ተጥሎ ያደረበት፣ እናት ልጇን እንዳታለቅስ የተከለከለችበት ዘመን ነው። ያን ጊዜ ለቅሶን የከለከለው መንግሥት ነበር። ዛሬ ራሱን ላጠፋ ልጅ ለቅሶን የሚከለክለው ኀፍረት ነው፤ ለእናቲቱ ሰውነት ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው። በ1970 ዓ.ም. ወንድሟን ሳታለቅስ የቀበረች ሴት፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ልጇ ራሱን ሲያጠፋባት የሚመጣባት የልጇ ሞት ብቻ አይሆንም። ከጦርነት ተፈናቅሎ የመጣ፣ ከዓረብ አገር ተደብድቦ የተመለሰ ሰውም እንዲሁ ነው። ከዚያ ዘመን የምናውቀው ሌላም ነገር አለ። ደርግ ከወደቀ በኋላ የጅምላ መቃብሮች ተከፍተው፣ ከአርጀንቲና የመጡ የአስከሬን መርማሪዎች ጭምር ረድተው አፅሞች ሲለዩ፣ ቤተሰቦች ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ቆይተው ድንኳን ተክለው አልቅሰዋል። የዘገየ ለቅሶም ይለቀሳል ማለት ነው።

እንግዲህ ሕክምናው ምን ይመስላል? ለአንድ ሰው በልኩ ሲዘጋጅ የመጀመሪያው ሥራ መጠየቅ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀውም ስለ ሟች አይደለም። «አንቺስ፣ መኖር አስጠልቶሽ፣ እሱን መከተል ታስቢያለሽ?» ተብሎ በግልጽ ይጠየቃል። ይህን መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ አይተክልም፤ ብዙዎች ስለተጠየቁ ይቀልላቸዋል። ሐሳቡ ካለ የቀረው ሁሉ ይቆያል፤ የመትረፍ ዕቅድ ይቀድማል። ማን አብሯት ያድራል፣ የሚያሰጋ ነገር ከቤት እንዴት ይወጣል፣ ሌሊት ለማን ይደወላል የሚለው በወረቀት ይጻፋል።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ማን አገኘው፣ ምን አየ፣ ከዚያ በፊትስ ሕይወቱ ምን አሳልፏል የሚለው ነው። ከዚህ በኋላ ባለሙያው ይፈርዳል፤ ፊት የቆመው ፍርሃቱ ነው ወይስ ናፍቆቱ? ያ ምስል ሌሊት ሌሊት የሚመጣ ከሆነ፣ ስለ ናፍቆት ማውራት አይቻልም፤ ቀድሞ ስብራቱ ይታከማል። ለብዙ መከራ ለተፈራረቀበት ሰው እኔ የማደላው ትረካን መሠረት ወዳደረገው ዘዴ ነው። የጀርመን የኮንስታንስ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ ፍራንክ ኖይነር፣ ማጊ ሻወርና ቶማስ ኤልበርት፣ ለስደተኞች ብለው ያዘጋጁት ነው። ወለል ላይ ገመድ ይዘረጋል፤ ከልደት ጀምሮ ለደስታው አበባ፣ ለመከራው ድንጋይ ይቀመጥበታል። ከዚያ በየቀጠሮው አንዱ ድንጋይ እየተነሣ በቅደም ተከተል ይተረካል፤ ያየሁት፣ የሰማሁት፣ ያሰብሁት፣ ሰውነቴ ላይ የተሰማኝ እየተባለ። መጨረሻ ላይ ታሪኩ ተጽፎ ለባለቤቱ ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመው ጥናት ዩጋንዳ ኢምቬፒ ሰፈር የነበሩ 43 የሱዳን ስደተኞች ተሳትፈዋል። በአራት ቀጠሮ ብቻ ይህን ሕክምና ካገኙት ውስጥ ከዓመት በኋላ የስብራቱ ሕመም አሁንም ያለባቸው 29 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ማጽናኛ ምክር ብቻ ካገኙት ግን 79 በመቶው ከሕመሙ ጋር ነበሩ። ለእኛ የሚጠቅመን ዋናው ነገር ገመዱ ነው። የልጁ ሞት አንድ ድንጋይ ሆኖ ይታያል፤ ከእሱ በፊት የነበሩት ድንጋዮችም ይታያሉ፤ አበቦቹም፣ ልጁ የተወለደበት አበባ ጭምር፣ ገመዱ ላይ ናቸው።

ፍርሃቱ ሲረግብ ወደ ናፍቆቱ ይኬዳል። እዚህ ላይ በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዋ ካትሪን ሺር ያዘጋጀችው፣ 16 ቀጠሮ የሚፈጀው የተራዘመ ሐዘን ሕክምና አለ። ሐዘንተኛው ሞቱን የሰማበትን ጊዜ ዐይኑን ጨፍኖ ይተርካል፣ ትረካው ይቀዳል፣ በየቀኑ ቤቱ ሆኖ ያዳምጠዋል። በኋላ ደግሞ ሟች አጠገቡ እንዳለ ሆኖ ያነጋግረዋል፤ የሟችንም መልስ በሟች ፈንታ ይመልሳል። ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ የቅርብ ዘመድ ይጋበዛል። 395 ሰዎች በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ጥናት ውስጥ ሰዋቸው ራሱን ያጠፋባቸው 58 ነበሩ። እነዚህ መድኃኒት ብቻ ሲሰጣቸው ከሌሎቹ ሐዘንተኞች ይልቅ እያቋረጡ ሄዱ፤ የንግግር ሕክምናው ሲጨመር ግን ቆዩ፣ ተጠቀሙም። ድብርት ከበረታ መድኃኒት ያስፈልጋል፤ ለሐዘን ብቻ ክኒን ሰጥቶ ማሰናበት ግን ሕክምና አይደለም።

ይህን መመሪያ እንዳለ አንሥቶ መሳለሚያ ማምጣት አይሆንም። መመሪያው ሐዘንተኛዋ የራሷ ክፍል እንዳላት ያስባል። እዚህ ሰፈር ብዙው ሰው አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ሞቱ የተፈጸመበት ክፍልና ቤተሰቡ የሚተኛበት ክፍል አንድ ነው። ቀስ በቀስ ወደዚያ ቦታ ተመለሺ ማለት ምን ማለት ነው? ከዚያ ወጥታ አታውቅም። ለእሷ ልኩ የሚሆነው ሌላ ነው፤ ለጥቂት ሳምንት ዘመድ ቤት እንድታድር ማድረግ፣ የአልጋውን ቦታ መለወጥ፣ ግድግዳውን ቀለም መቀባት፣ የሃይማኖት አባት ቤቱን ጸሎት እንዲያደርጉበት መጥራት። የተቀዳ ድምፅ ቤት ሆነሽ አዳምጪ ማለትም አይቻልም፤ ግድግዳው ቀጭን ነው፣ ጎረቤት ይሰማል። ስለዚህ ማዳመጡ በሕክምና ክፍሉ ውስጥ ይሆናል። እህል በረንዳ ገበያ በቀን ሥራ የምታድር ሴት ደግሞ ሳምንት በሳምንት ጠዋት ነዪ ብትባል የዕለት ጉርሷን ነው የምታጣው፤ ቀጠሮው ገበያው ከቀዘቀዘ በኋላ መሆን አለበት።

በሌላ በኩል የእኛ ባህል ለሕክምናው የሚሰጠው ብዙ ነው። ሟችን በምናብ ማነጋገር ለኒው ዮርክ ሰው አዲስ ነገር ይሆናል፤ እኛ ዘንድ አልቃሽ ሟችን «አንተ» ብላ ፊት ለፊት ታነጋግረዋለች፣ ትጠይቀዋለች፣ ትወቅሰዋለች። ሙሾ ውስጥ ወቀሳ ነውር አይደለም። እናቲቱ ራሱን ላጠፋው ልጇ ያልተወረደለትን ሙሾ በሕክምና ክፍል ውስጥ እንድታወርድለት መፍቀድ፣ የታፈነውን ቁጣ ያለ ሙት ወቃሽነት ያወጣላታል። ጸጸትን በተመለከተ «ጥፋት የለብሽም» ብሎ መቸኮል አይጠቅምም፤ አታምነውም። የሚሻለው የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ቀን በቀን አብሮ መሄድ ነው፤ ማክሰኞ ምን ታውቂ ነበር? ረቡዕስ? ዛሬ የምታውቀውን ያን ቀን እንደማታውቅ ራሷ ስትደርስበት ያኔ ታምነዋለች። በእርግጥ ያጠፋችው ነገር ካለም ይነገራል፤ ይቅርታ የሚጠየቅበት መንገድ ይፈለጋል።

ሕክምናው ከውጭ የመጣ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም፤ ጅምሩም አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ሲጀምር ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ነበር። በዚያ ትብብር ሰው ከሰው ጋር ባለው ግንኙነት ላይ የሚያተኩር የንግግር ሕክምና ለኢትዮጵያ እንዲስማማ ተደርጎ ተዘጋጅቷል። ይህ ሕክምና ከሚይዛቸው አራት ዐበይት ጉዳዮች አንዱ ሐዘን ነው።

ስለ ሃይማኖት አባቶች መናገር አለብኝ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሰበረው ቀብሩ ላይ ነውና። ፍትሐት ቀረበት፣ ከሰው ተለየ፣ ነፍሱ ጠፋች የሚለው ነገር ከሞቱ እኩል ያቆስላል። እኔ የሃይማኖት መምህር አይደለሁም፤ የተጻፈውን ግን ማንበብ ይቻላል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ጢሞቴዎስ፣ አእምሮውን ስቶ ራሱን ስላጠፋ ሰው መሥዋዕት ይቀርባልን ተብለው ተጠይቀው ነበር። ካህኑ ሰውየው በእውነት አእምሮውን ስቶ እንደነበር በጥንቃቄ ይመርምር፣ ዘመዶች መሥዋዕቱ እንዲደረግላቸው ብለው ሊዋሹ ይችላሉና ብለው መልሰዋል። የዛሬው ቤተሰብ የሚደብቀው ከ1,600 ዓመት በፊትም ሰዎች በዚያው ጭንቀት ይደብቁት የነበረውን ነው። የሊቀ ጳጳሱ መልስ ግን የሟችን የአእምሮ ሁኔታ ጠይቁ ይላል። በእስልምናም ራስን ማጥፋት ከባድ ኃጢአት ቢሆንም፣ ነቢዩ ራሳቸው ባይሰግዱለትም፣ አብዛኞቹ ሊቃውንት ሰው የጀናዛ ሶላት እንዲሰግድለት ፈቅደዋል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣችው ሕግ ራሳቸውን ያጠፉትን ቀብር ከሚከለከሉት ተራ አውጥታለች። ባለሙያው የነፍስ አባትን ወይም ኢማሙን፣ ቤተሰቡ ሲፈቅድ፣ ማነጋገር አለበት። የሟችን ሕመም የሚያስረዳ የሐኪም ወረቀት ካለ ለካህኑ ማቅረብ ይቻላል። ያልነበረ ሕመም ፈጥሮ መናገር ግን አይገባም፤ ሁሉም ሞት ከአእምሮ ሕመም አይመጣም፣ ድንገተኛ መከራ ያጣደፈውም አለ። ጸበል የሚሄዱትንም ምረጡ ማለት ስሕተት ነው፤ ጸበሉም ቀጠሮውም አብረው ይሆናሉ።

ስለ ዓረብ አገር ሞት ጥቂት ልበል። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳወጣው፣ ከጥር 2007 ጀምሮ ሊባኖስ ውስጥ ቢያንስ 95 ስደተኛ የቤት ሠራተኞች ሞተው ነበር፤ ኤምባሲዎች ከእነዚህ 40ውን ራሳቸውን አጠፉ ብለው መዝግበዋል። እዚህ ያለው ቤተሰብ ሣጥን ይቀበላል፤ «ራሷን አጠፋች» የሚል ቃል ይቀበላል፤ ያምን ዘንድ ግን ምንም አላየም። የገደላት ሰው ይኑር፣ አሠሪዋ ያደረሰባት ይሁን አያውቅም። እንዲህ ያለው ቤተሰብ ፊት ሐኪም «እውነቱን ተቀበሉ» ማለት የለበትም። እውነቱ አልታወቀም። ሐዘኑ ከጥያቄው ጋር አብሮ እንዲኖር ነው የሚታገዘው፤ ፍትሕ ፍለጋውም ሕመም ተብሎ አይቆጠርም።

የዕድር ዳኞችና ጸሐፊዎች፣ እናንተን አደራ የምለው ነገር ቢኖር ድንኳኑ እኩል እንዲተከል ነው። ጡሩምባው እኩል ይነፋ፣ ንፍሮው እኩል ይቀቀል፣ ሰው እኩል ይምጣ። «እንዴት ሞተ?» ብሎ ለቅሶ ቤት አይጠየቅ። ስለ ሟች ሕይወት ይወራ፤ ስሙ ይጠራ። «ነፍስ ይማር» የሚለው ቃል አይቀር። ሠልስቱ አልፎ ሰው ሲበተን አንድ ሁለት ሰው ይቅር፤ የእነዚህ ቤተሰቦች ከባዱ ጊዜ ከአርባው በኋላ ነው። ሞቱን ለማሞገስም አንሂድ፤ «ዐረፈ፣ ተገላገለ» የሚል ቃል ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ያለበትን ሌላ ወጣት ይስባል።

ብዙ ጊዜ «ሐዘን መቼ ነው ሕመም የሚሆነው?» ተብሎ ይጠየቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው መመዘኛ ቢያንስ ስድስት ወር ይላል፤ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ ለአዋቂ አንድ ዓመት ብሏል። አንዱ በመንፈቅ፣ ሌላው በሙት ዓመት መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሐዘኑ ከባህሉ ልማድ ያለፈ መሆን አለበት ብሎም ጨምሯል፤ ስለዚህ ከል ለብሳ ዓመት የተቀመጠች እናትን ታማለች አንልም። ሥራ መሥራት ካቃታት፣ ልጆቿን መንከባከብ ካቆመች፣ ያው ምስል ሌሊት ሌሊት ከመጣባት፣ ራሷን ከሰው ከለየች ግን መንፈቁንም መጠበቅ አያስፈልግም።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ለሚለው፣ በሳምንት አንድ ቀን ከሆነ አራት ወር ገደማ ነው፤ ስብራቱ ቀድሞ መታከም ካለበት ይረዝማል። የመጨረሻዎቹ ቀጠሮዎች ከሙት ዓመቱ በፊት እንዲያልቁ ባይደረግ ይሻላል፤ ያን ቀን ማን እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚደረግ፣ ፎቶው የት እንደሚቀመጥ አብሮ ማቀድ የሕክምናው ክፍል ነው። «የት ይኬዳል?» ለሚለው ደግሞ፣ ከዚህ ብዙም ሳይርቅ፣ በዚሁ በአዲስ ከተማ፣ ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ የቆመው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ስሙን ለስድብ የምንጠቀምበት ሰዎች አለን፤ ለዚህ ነው ሐዘንተኛ በሩን የሚፈራው። እኅታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ መሞት አማረኝ ካለቻችሁ ብቻዋን አትተዋት፣ ብቻዋንም አትላኳት። ነጠላችሁን ደርባችሁ አብራችኋት ሂዱ፤ ተራዋ እስኪደርስም አጠገቧ ተቀመጡ።